ጆሮ ቀድሞ በቀለ፣ ቀንድ በለጠው

ባለፈው ሳምንት ጎንደር ፒያሳ ቡና እየጠጣን ነበር። አንድ የሥራ ባልደረባችን፣ ወጣት ነው፣ ስልኩ ላይ ስለ አየር መንገዶች የሠራተኛ ቅነሳ እያነበበ ቀና ብሎ «እነዚህን ድርጅቶች የሚገድላቸው የሠራተኛ ማኅበር ነው» አለ። ሦስት አራት ሰው «ልክ ነው» ብሎ ራሱን ነቀነቀ። እኔ እዚያው መለስኩለት፣ ግን ስናደድ አፌ ይተሳሰራልና የረባ ነገር አልተናገርኩም። ስለዚህ መልሴ ይኸው። (ስለ ውጭ አገሮቹ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

በመጀመሪያ እኔ ማን ነኝና ነው ስለ አውሮፕላን የማወራው? አስጎብኚ ነኝ። አብራሪም ቴክኒሽያንም አይደለሁም። ግን አዘዞ የሚያርፈው አውሮፕላን ሙሉ ሆኖ ከመጣ ቤቴ ይበላል፣ ባዶውን ከመጣ አይበላም። ከፋሲል ግቢ በር እስከ ባጃጁ፣ ከሆቴሉ እስከ ሽመና ሻጯ ድረስ ገመዱ አንድ ነው። እኛ ያለነው ጫፉ ላይ ነው።

ሁለተኛ፣ ውህደት ምን እንደሆነ በትንሹም ቢሆን ቀምሼዋለሁ። ሥራ በቀዘቀዘበት ጊዜ እኔ ያለሁበት የአስጎብኚዎች ቡድን ከሌላ ቡድን ጋር እንዋሃድ ተባባለ። የገንዘቡ ነገር በግማሽ ሰዓት አለቀ። የስሙም ነገር አለቀ። ተራው ግን ሦስት ቅዳሜ ፈጀብን። ተራ ማለት እንግዳ ሲመጣ ማን ይቅደም የሚለው ወረቀት ነው። እኛ ዘንድ 20 ዓመት የሠሩ፣ «አያ» ብለን የምንጠራቸው ሰው አሉ። እነሱ ዘንድ ደግሞ አብዛኛው ልጅ ነው። የእነሱ ቡድን «አዲስ ማኅበር ነው፣ ሁላችንም ከዜሮ እንጀምር፣ ዕጣ ይውጣ» አለ። በድምፅ በለጡን። ዕጣው ወጣና አያ 14ኛ ሆኑ። ያኔ የተናገሩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ቀድሞ የበቀለን ጆሮ ኋላ የበቀለ ቀንድ በለጠው»።

እንግዲህ ይኼን ስሜት ይዛችሁ ወደ አየር መንገድ እንግባ።

ብዙ ሰው የአብራሪና የሆስተስ ጠብ የደመወዝ ጠብ ይመስለዋል። ደመወዝም አለበት፣ አልዋሽም። ግን ሥሩ ተራ ነው። በተለይ በአሜሪካ አየር መንገዶች ሁሉ ነገር የሚወሰነው በአገልግሎት ዘመን ዝርዝር ነው። የትኛውን አውሮፕላን ታበራለህ፣ መቼ ካፒቴን ትሆናለህ፣ ገናን ከልጆችህ ጋር ታሳልፋለህ ወይስ ሰማይ ላይ፣ ቅነሳ ሲመጣ ደግሞ ማን ቀድሞ ይወጣል፤ ይኼ ሁሉ በዝርዝሩ ነው። ክፋቱ ይኼ ቁጥር ከድርጅት ድርጅት ይዘኸው አትሄድም። 20 ዓመት ያበረረ ካፒቴን ድርጅቱ ፈርሶ ሌላ ጋ ቢቀጠር ከታች፣ ከረዳት አብራሪነት ነው የሚጀምረው። አናጢ መዶሻውን ይዞ ይሄዳል። አብራሪ ግን ተራውን ጥሎ ነው የሚሄደው። ለዚህ ነው ሁለት አየር መንገዶች «ተጋባን» ሲሉ ሠራተኛው እልል የማይለው።

እኛን የሚነካ ምሳሌ ልስጥ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1945 (ይኼም በፈረንጆቹ ነው) ሲቋቋም ያገዘው፣ ባለሙያ የላከለት የአሜሪካው አየር መንገድ ቲደብሊውኤ መሆኑን ብዙዎቻችን እናውቃለን። ያ ድርጅት መጨረሻው አላማረም። በ2001 መጀመሪያ ኪሳራ አወጀና አሜሪካን ኤርላይንስ ገዛው። ከዚያ ዝርዝሩ መጣ። የቲደብሊውኤ የበረራ አስተናጋጆች፣ አራት ሺህ ገደማ ናቸው፣ በሙሉ ከአሜሪካን ኤርላይንስ አስተናጋጆች በታች፣ ጭራ ላይ ተለጠፉ። 30 ዓመት የሠራችውም ሳትቀር። ትናንት ከተቀጠረች የአሜሪካን ልጅ በታች ሆነች ማለት ነው። ወዲያው የመስከረም 11ዱ ጥቃት ደረሰ፣ ገበያው ወደቀ፣ ቅነሳ መጣ። ቅነሳ የሚጀምረው ደግሞ ከጭራ ነው። በ2003 አጋማሽ የመጨረሻዎቹም ቤታቸው ገብተው ነበር።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ ለዚያ ወጣት አንድ ነገር ልስጠው። እነዚህን ሴቶች ጭራ ላይ የለጠፋቸው አለቃ ብቻ አይደለም። የአሜሪካን አስተናጋጆች ማኅበርም የራሱን አባላት ሊጠብቅ ብሎ የፈለገው ነው። ማኅበር ማለት መልአክ ማለት አይደለም። የእኔን ወገን ሲጠብቅ የሌላውን ይረግጣል። ነገሩ የተስተካከለው ዘግይቶ ነው፤ በ2007 መጨረሻ የአሜሪካ ኮንግረስ አየር መንገዶች ሲዋሃዱ የሠራተኛው ዝርዝር በፍትሐዊ መንገድ፣ ካልሆነም በገላጋይ ዳኛ ይቀላቀል የሚል ሕግ አወጣ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ለቲደብሊውኤዎቹ ምንም አልጠቀመም።

ገላጋይ ዳኛም ቢኖር ነገሩ ቀላል እንዳይመስላችሁ። ዩኤስ ኤርዌይስና አሜሪካ ዌስት በ2005 ተዋሃዱ። በ2007 ገላጋዩ አንድ ዝርዝር ሠራ። ከአሥር ዓመት በላይ አገልግለው በቅነሳ ቤታቸው የነበሩ የዩኤስ ኤርዌይስ አብራሪዎች፣ ከተቀጠሩ ወራት ብቻ ከሆናቸው የአሜሪካ ዌስት ልጆች በታች ሆኑ። የገላጋዩ ሐሳብ «አንተ ሥራ የለህም፣ እሱ ሥራ ላይ ነው» የሚል ነበር። በአርባ አራቱ ታቦት፣ ሁለቱም ወገን እውነት አለው! የዩኤስ ኤርዌይሶቹ ግን በቁጥር ይበዙ ስለነበር ማኅበሩን ራሱን በድምፅ አስወግደው በ2008 የራሳቸውን ተከሉ። ክሱ፣ ይግባኙ፣ ኩርፊያው ቀጠለ። የመጨረሻው ዝርዝር የወጣው በ2016 ነው፤ ያውም መሀል ላይ ሌላ ውህደት ተጨምሮ። አውሮፕላኑ ቀለም ተቀይሮ፣ ስሙ ተቀይሮ፣ አብራሪዎቹ ግን ለዓመታት አብረው አንድ ኮክፒት ውስጥ አልገቡም። የእኛ ሦስት ቅዳሜ ምን አላት።

አሁን ወደ ገንዘቡ። በ2008 ሐምሌ ድፍድፍ ነዳጅ በርሜሉ 147 ዶላር ደረሰ። አየር መንገዶች «ነዳጅ ገደለን» ብለው መቀነስ ጀመሩ። በዓመቱ መጨረሻ ነዳጁ ከ40 ዶላር በታች ወረደ፤ ያኔ ደግሞ የሚሳፈር ሰው ጠፋ። ቅነሳው ግን በሁለቱም ጊዜ ያው ነው። ዴልታ ኖርዝዌስትን በዚያው ዓመት ጠቀለለ፣ በ2010 ዩናይትድና ኮንቲኔንታል ተዋሃዱ፣ በ2011 መጀመሪያ ብሪቲሽ ኤርዌይስና አይቤሪያ በአንድ ባለቤት ሥር ገቡ። የጃፓን አየር መንገድ (ጃል) በ2010 ጥር ኪሳራ አውጆ 16 ሺህ ገደማ የሥራ ቦታ ቆረጠ። የብሪቲሽ ኤርዌይስ አለቃ በ2009 ሠራተኛው እስከ አንድ ወር በነፃ እንዲሠራ ጠየቁ፤ እሳቸውም የአንድ ወር ደመወዛቸውን ትተዋል። የአለቃ አንድ ወርና የሻንጣ ጫኝ አንድ ወር እኩል ነው እንበል? እኔ አልልም።

«ሁላችንም አንድ ጀልባ ላይ ነን» የሚባለውን ቃል ሠራተኛው ለምን እንደማያምነው ማወቅ የሚፈልግ የ2003ን ታሪክ ይመልከት። አሜሪካን ኤርላይንስ ኪሳራ በር ላይ ቆሞ ነበር። ማኅበራቱ በዓመት 1.6 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ከደመወዝና ከጥቅማጥቅም ለመተው ተስማሙ። ልብ በሉ፣ ማኅበራቱ ናቸው የተስማሙት። ድምፁ እንደተሰጠ ሌላ ወሬ ወጣ፤ ለካ ለከፍተኛ አለቆች ጉርሻ ተይዞላቸዋል፣ ጡረታቸውም ኪሳራ ቢመጣ እንዳይነካ ለብቻው ተቀምጦላቸዋል። ዋና ሥራ አስፈጻሚው በሚያዝያ ለቀቁ። ዩናይትድ ደግሞ በ2005 በኪሳራ ፍርድ ቤት በኩል የሠራተኛውን ጡረታ ለመንግሥት ዋስትና ድርጅት አስረከበ። እስከዚያ ቀን ድረስ በአሜሪካ እንዲህ ያለ ትልቅ የጡረታ ሸክም የጣለ ድርጅት አልነበረም። ብዙ ሰው 30 ዓመት ከጠበቀው ጡረታ በታች አገኘ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ የሚባለው ይኼ ነው።

ልጁ «ኢስተርንስ?» ቢለኝ መልስ አለኝ። እውነት ነው፣ የአሜሪካው ኢስተርን አየር መንገድ መካኒኮች በ1989 መጋቢት አድማ መቱ፣ ድርጅቱ በቀናት ውስጥ ኪሳራ አወጀ፣ በ1991 ጥር ተዘጋ። ግን ባለቤቱ ፍራንክ ሎሬንዞ ከአድማው በፊት ንብረቱን እየነቀሉ ወደ ሌሎች ኩባንያዎቻቸው ሲያሻግሩ ነበር፤ ፍርድ ቤቱ የመደበው መርማሪ ራሱ ከዋጋ በታች መሄዱን ተናግሯል። የታመመ ሰው ላይ አድማ መምታት ጥበብ ነው አልልም። የደቡብ አፍሪካው አየር መንገድ ማኅበራት በ2019 ኅዳር 944 ሰው ሊቀነስ ነው ሲባል ስምንት ቀን አድማ መቱ፣ የደመወዝ ጭማሪም አገኙ፣ በታኅሣሥ ግን ድርጅቱ ከኪሳራ እንዲያድኑት ለተሾሙ አስተዳዳሪዎች እጁን ሰጠ። ከእነዚያ ሠራተኞች አብዛኛው ዛሬ እዚያ የለም። ለዓመታት የዘረፈውና ያከሰረው አስተዳደር ነው፤ ሆኖም ሰዓቱን የመረጡት ማኅበራቱ ናቸው።

ሰዓቱ ትልቅ ነገር ነው። የአውሮፕላን ወንበር እንደ ቲማቲም ነው፣ እንዲያውም ይብሳል። አውሮፕላኑ ከተነሳ ያልተሸጠው ወንበር አለቀለት፣ ነገ አትሸጠውም። ለዚህ ነው በጥጋብ ዘመን የሁለት ቀን አድማ አለቃን የሚያስደነግጠው። በድቀት ግን አውሮፕላኑ ራሱ ቆሟል፣ ወንበሩ ባዶ ነው፣ አለቃው አድማውን «ተገላገልኩ» ሊለው ይችላል። የአውስትራሊያው ኳንታስ በ2020 ኮሮና ሁሉንም ባቆመበት ሰዓት ወደ 1,800 የሚጠጉ የመሬት ላይ ሠራተኞችን አሰናብቶ ሥራውን ለውጭ ተቋራጭ ሰጠ። በ2023 የአገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ሕገወጥ ነው አለ። ሦስት ዓመት! ሰው ሦስት ዓመት ምን እየበላ ይጠብቃል?

ከሁሉም የወደድኩት የ2012ቱን ነው። አሜሪካን ኤርላይንስ ኪሳራ ውስጥ ሆኖ 13 ሺህ ሰው እቀንሳለሁ አለ። ሦስቱ ማኅበራት አልጮኹም። ዞረው ከዩኤስ ኤርዌይስ ጋር ተነጋገሩ፣ «ከተዋሃዳችሁ ይኼን ትሰጡናላችሁ» ብለው አስፈረሙ፣ ከዚያ ውህደቱን በአደባባይ ደገፉ። የራሳቸው አለቆች መጀመሪያ አልፈለጉትም ነበር። በ2013 ታኅሣሥ ውህደቱ ሆነ። ማኅበር ድርጅት ይገድላል ላልከኝ ልጅ፣ እዚህ ማኅበሩ ነው ሽማግሌ ልኮ ያጋባው።

የእኛስ አገር? በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 የአየር ትራንስፖርት አስፈላጊ የሕዝብ አገልግሎት ተብሎ ከተዘረዘሩት ነው፣ ስለዚህ አድማ መምታት አይፈቀድም። በቅነሳ ጊዜ ደግሞ አዋጁ ችሎታና ምርታማነት ያለው ይቅር ይላል፤ በዚህ እኩል ከሆኑ አገልግሎቱ አጭር የሆነው ቀድሞ ይወጣል፣ ከዚያ የሚያስተዳድረው ቤተሰብ ያነሰው። በወረቀት ሲታይ የአሜሪካኖቹ ዓይነት ጭፍን ተራ አይደለም፣ እኔ እንዲያውም ይሻላል እላለሁ። ግን «ችሎታ» የምትለዋን ቃል የሚለካት ማን ነው? አለቃው። አድማ የማይፈቀድለት ሠራተኛ ቢያንስ ይቺን መለኪያ በኅብረት ስምምነቱ ላይ፣ ሰማዩ ጥርት ባለበት ቀን፣ ቁጭ ብሎ ማጻፍ አለበት። ደመና ከመጣ በኋላ የሚጽፈው አለቃው ነው።

እኛ ጫፍ ላይ ያለነው ደግሞ የሚጻፍልንም የለም። ኮሮና መጣ፣ ከዚያ ጦርነቱ መጣ፣ እንግዳ ቀረ። እንደ ሠራተኛ የቀነሰን ስለሌለ ካሳ የሚከፍለን አልነበረም፤ ደብዳቤም አልደረሰን። አንዳንዱ ባጃጅ ገባ፣ አንዳንዱ አዲስ አበባ ወረደ። አያ ግቢው በር ላይ ዣንጥላቸውን ይዘው መቀመጣቸውን አልተዉም።

ይኼን ጽሑፍ ከመላኬ በፊት ለዚያ ወጣት አስነበብኩት። መናገር የረሳሁት፣ በዕጣው አራተኛ የወጣው እሱ ነው። አንብቦ ሲጨርስ ትንሽ ዝም አለና «አያ ተራዬን ይውሰዱት፣ እኔ መቼ ከለከልኳቸው» አለኝ። «ጥሩ፣ እንግዲያው ጽፈህ ፈርም» አልኩት። ስልኩን አየ። ቡናውን ጨለጠና ሒሳብ ሳይከፍል ሄደ።