ሰባት ጣቢያ ለእኛ አይመጥንም

ዛሬ የመጣሁት ላመሰግን ነው። የማመሰግነው ደግሞ ራሳችንን ነው፣ እኛን የቶሮንቶ ሰዎች፣ በተለይ በከተማዋ ምሥራቅ ያለነውን የስካርቦሮዎቹን። ባቡር ያለው ከተማ ሞልቷል። በነጻ የመጣለትን ባቡር "አይመጥነኝም" ብሎ የመለሰ ግን ስንት አለ?

ለማያውቃት ላስተዋውቅ። ከኬኔዲ እስከ ማኮዋን 6 ጣቢያ ያላት፣ ሁላችንም አር ቲ የምንላት ትንሽ ባቡር ነበረችን። ስትታሰብ እንደ ከተማው ስትሪትካር (መንገድ ላይ እንደሚሄደው ባቡር) ከላይ ሽቦ ተዘርግቶላት ልትሄድ ነበር። 1981 ላይ ግን የክፍለ ሀገራችን የኦንታሪዮ መንግሥት የራሱን አዲስ ፈጠራ ለዓለም ገበያ ማሳየት አማረውና ሐሳቡ ተቀየረ። 1985 ሥራ ስትጀምር ሞተሯ የማይሽከረከር፣ በሐዲዶቹ መሐል በተነጠፈ አሉሚኒየም ላይ በማግኔት ኃይል ራሷን የምትገፋ፣ ኤሌክትሪኳን ከጎን ከተዘረጋ ሐዲድ የምትወስድ ጉድ ሆና መጣች። በረዶ ሲበዛ ብቻ ትቆማለች። ካናዳ ውስጥ በረዶ ይጥላል ብሎ ማን ይጠረጥራል?

(ቫንኩቨሮች ይችኑ ቴክኖሎጂ ወስደው፣ መስመር እየቀጠሉ፣ አዳዲስ ፉርጎ እየገዙ ዛሬም ይሄዱባታል። ምን ያድርጉ፣ ሐሳብ መቀየር አያውቁበትም።)

አር ቲ ስታረጅ መድኃኒቷ ተገኝቶ ነበር። አሉሚኒየሙን ማንሳት፣ የጎን ሐዲዱን መንቀል፣ ከላይ ሽቦ መዘርጋት፣ ጣቢያዎቹን ማስተካከል፣ ከዚያ አዲስ አበባ ከ2015 ጀምሮ የሚሄደውን ዓይነት ቀላል ባቡር ማስገባት። በዚያው መንገድ፣ 7 ጣቢያ፣ እስከ ሼፐርድ። ወጪውን ክፍለ ሀገሩ ይችላል ተባለ። ትልቅነታችን የታየው እዚህ ላይ ነው። ነጻ ነገር ማን ያከብራል? ደግሞስ በጠራራ ፀሐይ በመስኮት እየታዩ መሄድ ምን የሚሉት ነው? የተከበረ ሰው የሚሄደው ምድር ለምድር ነው። መሐል ከተማ ያሉት ሰብዌይ አላቸው፣ እኛ ከማን እናንሳለን? ይገባናል አልን።

ፖለቲከኞቻችንም፣ ዕድሜ ይስጣቸውና፣ አላሳፈሩንም። 2010 ሮብ ፎርድ ከንቲባ ሲሆኑ ዕቅዱን ሻሩት፣ 2012 የከተማው ምክር ቤት መለሰው፣ 2013 ያው ምክር ቤት በ24 ለ20 ድምፅ ቀላል ባቡሩን ጥሎ ባለ 3 ጣቢያ ሰብዌይ አለ፣ 2016 ሦስቱ ጣቢያ አንድ ሆነ፣ 2019 ክፍለ ሀገሩ ተረከበውና አንዱ ተመልሶ ሦስት ሆነ። እንዲህ ያለ ትጋት የት ይገኛል? ሐዲዱ ላይ አንድ ሜትር ሳይጨመር ስንት ዙር ተሄደ! ለሰብዌዩ መዋጮ ተብሎም የቤት ግብራችን ላይ 1.6 በመቶ ተጨመረ፣ ለ30 ዓመት። ከፍለን በሦስት ጣቢያ መሄድ ሳንከፍል በሰባት ከመሄድ ይበልጣል። ሒሳብ የማይገባው ሰው ይከራከር ይሆናል።

አር ቲ ምስኪኗ ይህ ሁሉ ሲሆን እያቃሰተች ትመላለስ ነበር። ቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ለሌላ ሰው ነው፤ እኛ የብብታችንን አልጣልነውም፣ ብሎኑ ላልቶ ራሱ ወደቀ። ጁላይ 24 ቀን 2023፣ ጡረታ ልትወጣ አራት ወር ሲቀራት፣ ኤልስሜር አጠገብ የኋላ ፉርጎዋ ከሐዲዱ ወጣ። አምስት ሰው ሆስፒታል ሄደ፣ የሞተ የለም፣ ተመስገን። ከዚያ በኋላ ተመልሳ አልሄደችም።

አሁን በአውቶቡስ ነን። ፉርጎዎቹስ? የተወሰኑት ዲትሮይት ሄዱ፣ እዚያ ተመሳሳይ ባቡር አለና። እኛ በብርድ ተሰልፈን ስንቆም እነሱ ዲቪ ደርሷቸው አሜሪካ ገቡ። ይገባናል ያልነው ሰብዌይ ግን እስካሁን አልገባም፤ ጉድጓዱ እየተቆፈረ ነው።

ባለፈው ከዳንፎርዝ እንጀራ ገዝቼ ስመለስ ኬኔዲ ላይ አንዲት እናት አጠገቤ ቆመው ነበር። አውቶቡሱ አልመጣም። በረዶው ግን በሰዓቱ መጥቷል።

"ባቡሩ መቼ ነው የሚያልቀው ልጄ?" አሉኝ።

"2030 ይላሉ እማማ።"

"በእኛ ነው በፈረንጅ?"

"በፈረንጅ።"

ነጠላቸውን ሳብ አድርገው ጆሯቸውን ሸፈኑ። "በእኛ ቢሉት ይሻላቸው ነበር" አሉ። "ሰባት ስምንት ዓመት ያተርፉ ነበር።"