ማስተካከያ፦ አራተኛው ኢንተርናሽናል የተመሠረተው ሜክሲኮ አይደለም

ስለ ዓለም አቀፍ የማርክሲስት ንቅናቄዎች ቀደም ሲል በወጣ ጽሑፍ ላይ፣ የሩሲያ አብዮት መሪና የስታሊን ተቀናቃኝ የነበረው ትሮትስኪ ሜክሲኮ ውስጥ ጉባኤ ጠርቶ አራተኛውን ኢንተርናሽናል (የደጋፊዎቹን ዓለም አቀፍ ማኅበር) እንደመሠረተ፣ ስታሊንም ወዲያው ሦስተኛውን (በሞስኮ የሚመራውን የኮሚኒስት ፓርቲዎች ማኅበር፣ ኮሚንተርንን) እንዳፈረሰ ተገልጿል። ሁለቱም ልክ አይደሉም።

ጉባኤው የተካሄደው በሴፕቴምበር 1938 (በፈረንጆቹ አቆጣጠር) ፓሪስ አቅራቢያ፣ በትሮትስኪ ወዳጅ በፈረንሳዊው አልፍሬድ ሮስሜር ቤት ነው። ትሮትስኪ አልተገኘም፤ በስደት ሜክሲኮ፣ ኮዮአካን ነበር። ስብሰባው በድብቅ ተደርጎ በአንድ ቀን አለቀ። ጥድፊያው ዝም ብሎ የመጣ አይደለም። በዚያው ዓመት ፌብሩዋሪ ላይ የትሮትስኪ ልጅ ሌቭ ሴዶቭ ፓሪስ ውስጥ ሞቷል። በጁላይ ደግሞ ከአዘጋጆቹ አንዱ ሩዶልፍ ክሌመንት ደብዛው ጠፋ፤ ኋላም አስከሬኑ ከሴን ወንዝ ወጣ። ሰዎቹ ሞት እያሳደዳቸው ነው የተሰበሰቡት። በነገራችን ላይ፣ ሁሉም አልተስማማም፤ የፖላንድ ተወካዮች «ጊዜው ገና ነው» ብለው ምሥረታውን ተቃውመዋል። ይህን ብዙ ሰው ዘሎት ያልፋል።

ኮሚንተርንስ? በማርች 1919 ሞስኮ ላይ ተመሥርቶ በ1943፣ ማለትም ከፓሪሱ ጉባኤ አምስት ዓመት በኋላ፣ ፈረሰ። ያኔ ስታሊን ከእንግሊዝና ከአሜሪካ ጋር ተሰልፎ ሂትለርን እየወጋ ነበር። ትሮትስኪ ደግሞ ከዚያ በፊት፣ በኦገስት 1940፣ ተገድሏል።