«አባባ ሁለት ጊዜ መረጠ ማለት ነው?»

የጎጃም ወገኖቼ፣ ዛሬ ልቆጣችሁ ነው። ቁጣው እኔንም ስለሚጨምር አትቀየሙኝ።

በቀደም የሰባት ዓመት ልጄ አያቷን «እማማ፣ ምርጫ መርጠሽ ታውቂያለሽ?» ብላ ጠየቀቻት። እናቴ ሳቅ አለች። «አዎ፣ አባባ ምልክቱን አሳይቶኝ ነዋ!» ሁላችንም አብረናት ሳቅን። ልጅቷ ግን አልሳቀችም። «ታዲያ አባባ ሁለት ጊዜ መረጠ ማለት ነው?» አለች። አቦል ገና መጠጣቱ ነበር። በረካው እስኪደርስ መልስ አላገኘሁላትም።

ልጆቻችን የበላይ ዘለቀን ጀግንነት ገና በአምስት ዓመታቸው ይሰማሉ። ደግ ነው። ሴት ድምፅ መስጠት የጀመረችው መቼና እንዴት እንደሆነ ግን ማን ነግሯቸው ያውቃል? እኛ የምንነግራቸው «ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ» እያልን ነው። ኧረ እንፈር! ዓይነ ስውሯ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ለወንዱ ቅኔ ባስተማሩበት አገር ተቀምጠን ይህን ተረት ለሕፃን እናወርሳለን።

«ገና ልጆች ናቸው፣ ፖለቲካ ምን ያደርግላቸዋል?» ትሉኝ ይሆናል። ፖለቲካውን ማን አነሳው? ተረት ስትነግሯቸው ታሪክም ጣል አድርጉ ነው የምለው። ደግሞ እንዴት ያለ ታሪክ መሰላችሁ! እ.ኤ.አ. በ1893፣ አድዋ ገና ሳይደርስ፣ ኒውዚላንድ ውስጥ ኬት ሼፐርድ የምትባል ሴት ከጓደኞቿ ጋር ፊርማ አሰባሰበች። ወደ 32,000 የሚጠጉ ሴቶች ፈረሙ። አብዛኛውን ወረቀት ጫፍ ለጫፍ አጣብቀው በመጥረጊያ እንጨት ላይ ጠቀለሉት። ርዝመቱ ከ270 ሜትር በላይ ነበር። ደጋፊያቸው የነበረ የምክር ቤት አባል ጥቅሉን ፓርላማው ወለል ላይ ለቀቀው። እየተተረተረ ሄዶ ግድግዳውን ጓ! አደረገው። በዚያው ዓመት ሴቶቹ መረጡ። ይህን ሰምቶ የቤቱን ሶፍት የማይተረትር ልጅ ካለ አምጡልኝ።

ስዊዘርላንድንም ንገሯቸው። እዚያ «ሴቶች ይምረጡ ወይስ አይምረጡ?» ተብሎ ድምፅ ሲሰጥ የሚወስኑት ወንዶች ብቻ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1959 «አይሆንም» አሉ። እሺ ያሉት በ1971 ነው። እኛ ጋ የተሻሻለው ሕገ መንግሥት የወጣው በ1948 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1955) ነው። እ.ኤ.አ. በ1957 የመጀመሪያው ምርጫ ሲደረግ ሴቶችም መምረጥ ይችሉ ነበር። ወይዘሮ ስንዱ ገብሩም ተመርጠው ፓርላማ ገቡ። በወረራው ዘመን ተይዘው ጣሊያን አገር የታሰሩ፣ ኋላም የእቴጌ መነን ትምህርት ቤትን የመሩ ሴት ናቸው። በወረቀት ስዊዞቹን ቀድመናቸዋል። በየቤታችን ምን እንዳደረግነው የእናቴን ሳቅ ጠይቁ።

አባቶች፣ የምርጫ ቀን ሲደርስ ሚስቶቻችሁን ምልክት ማስጠናት ይብቃችሁ። ልጅ ያያል። እናቶችም «አባትሽ ያውቃል» ማለቱን ተዉት። መምህራን፣ እናንተንም አላልፍም፦ የክፍል አለቃው ሁሌ ወንድ፣ ጠራጊዋ ሁሌ ሴት የሆነችው ለምንድን ነው?

እኔ ከዚያ ቡና በኋላ አንድ ነገር ሞከርኩ። እሁድ ዕለት፣ እዚሁ ደብረ ማርቆስ፣ የሰፈሩን ልጆች ሰበሰብኩና ማንጎ ልግዛ ወይስ ሸንኮራ አልኳቸው። ለማንጎ ሽምብራ፣ ለሸንኮራ ባቄላ ማሰሮ ውስጥ ይጨመራል። መጀመሪያ ወንዶቹ ብቻ ይምረጡ አልኩ። ማንጎ አሸነፈ። ሴቶቹ ልጆች ግቢውን በጩኸት አናጉት። አንዷ ትንሽዬ «እኔስ?» እያለች መሬት ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። የኬት ሼፐርድን ታሪክ የነገርኳቸው ያኔ ነው። ፀጥ ብለው ሰሙኝ። ከዚያ ሁሉም እንደ አዲስ መረጡ። ሸንኮራ በሁለት ባቄላ በለጠ።

ወንዱ ልጄ እስከ ዛሬ «ይቆጠርልኝ» እያለ ነው። ማሰሮውን እኅቱ ደብቃዋለች።