ለወፍ ብሎ የጨፈረው ሰውዬና የእኛ ሀሮማያ

ክሬን ስል ኮንዶሚኒየም ሲሰራ የሚቆመውን ብረት ማለቴ አይደለም አቦ፣ ወፏን ነው። እግሯም አንገቷም ረጅም፣ እኛ ብዙውን ጊዜ ሽመላ ብለን የምናልፋት፣ ግን ዘሯ ሌላ ነው። በዓለም ላይ 15 ዓይነት ብቻ ነው ያለው፣ አብዛኛው ደግሞ ሊጠፋ የተቃረበ። እኛም ሀገር አሉ፣ ጣና ዳር ዘውድ የደፋችው፣ ባሌ ተራሮችና ሀድያ ቦዮ ረግረግ ላይ ደግሞ ካገጯ ስር ጉትቻ መሳይ ነገር የሚንጠለጠልላት ትልቋ፣ እሷ ብዙ ጊዜ አንድ ጫጩት ብቻ ነው የምታሳድገው።

ጆርጅ አርቺባልድ የሚባል ሰውዬ አለ፣ በፈረንጆቹ 1973 ከጓደኛው ጋር አሜሪካ ዊስኮንሰን ውስጥ የክሬኖች ፋውንዴሽን ያቋቋመ። ቴክስ የምትባል ነጭ ክሬን ነበረች፣ ሰው እጅ ላይ ስላደገች ራሷን ሰው አድርጋ ነው የምታስበው፣ ወንድ ክሬን ቢያመጡላት ዞር ብላም አታየው። ክሬኖች ደግሞ እንቁላል ከመጣላቸው በፊት ይጨፍራሉ፣ ሰውዬው ታዲያ እጁን እንደ ክንፍ እያራገበ አብሯት ሲዘል ከረመ፣ ስንት ዓመት ተለፍቶ በ1982 አንድ ጫጩት ተፈለፈለ። አንድ!

ይስቃል ሰው ይሄን ስነግረው። ግን ለምን እዚህ ደረሱ? በ1941 የዚች ወፍ ዘር ዱር ውስጥ ወደ 20 ብቻ ስለቀረ ነዋ። ከዛ በኋላማ ጫጩቶቹ እንደ ቴክስ ሰው ነን እንዳይሉ ነጭ ልብስ ለብሰው የወፍ አሻንጉሊት እጃቸው ላይ አጥልቀው ያበሏቸው ነበር፣ ከ2001 ጀምሮ በትንሽዬ አውሮፕላን ከፊት እየመሩ እስከ ፍሎሪዳ መንገድ አሳዩዋቸው፣ እሱም እንዲህ ያደጉት ወፎች ጫጩት ማሳደግ ላይ ደካማ ሆነው ከ15 ዓመት በኋላ ቀረ። ዛሬ ዋናው የዱር መንጋ ከ500 አልፏል፣ ጥሩ ነው፣ ግን የዘገየ ሰው ሂሳብ ነው የከፈሉት።

ሩዋንዳን እዩ በተቃራኒው። ሀብታሙም ሆቴሉም ለግቢ ማሳመሪያ ብሎ ባለዘውዷን ክሬን ክንፏን ቆርጦ ያስቀምጥ ነበር። ለወፏ የተቆረቆሩት የሀገሩ ልጆች ምን አደረጉ፣ ሳንቀጣችሁ አስመዝግቡ አሉ፣ ወፎቹን ሰብስበው መብረር የሚችሉትን አካጌራ ፓርክ ለቀቁ፣ ለማይችሉት ኪጋሊ ላይ ቦታ ሰሩላቸው። በፈረንጆቹ 2017 ላይ ዱር ያሉት ሲቆጠሩ 487 ነበሩ፣ አሁን ከሺህ በላይ ሆነዋል። አውሮፕላን የለ ምን የለ።

እና ይሄ ከእኛ ጋር ምን አገናኘው ትሉኛላችሁ። ባለፈው ከድሬ ወደ ሐረር በሚኒባስ ስወጣ ደንገጎን አልፈን ሀሮማያ ሐይቅ ጋ ስንደርስ በመስኮት አየሁ፣ ውሃው ተመልሷል፣ ዳር ዳሩን ነጫጭ ወፎች ቆመዋል (ክሬን አይደሉም፣ አልዋሽም)፣ ከነሱ ትንሽ ራቅ ብሎ የውሃ ሞተር እየጮኸ ጎማው ወደ ጫት ማሳ ተዘርግቷል። ይሄ ሐይቅ እኮ በ1990ዎቹ መጨረሻ በእኛ አቆጣጠር ጭልጥ ብሎ ደርቆ ነበር፣ ሞተሩም፣ የከተሞቹ ቧንቧም፣ ደለሉም ተባብረው። ከዛ ሐረር ቢጫ ጀሪካን ይዛ ተሰለፈች፣ በኋላ ከድሬዳዋ በኩል ካለ ጉድጓድ ውሃ ተገፍቶ መጣላት፣ መኪና የሚያቃስትበትን ዳገት ሽቅብ ማለት ነው። የዘገየ ሂሳብ ያልኩት ይሄንን ነው፣ እኛም ከፍለነዋል።

ሰው ሳይጠጣ ስለ ወፍ ታወራለህ የሚለኝ አይጠፋም። ወፏ የምትቆምበት ረግረግ ሲጠፋ ግን ሰውየውም ጀሪካኑን ይዞ ነው የሚሄደው፣ ሁለት ውሃ የለም። እኔ የምለው ትንሽ ነገር ነው፣ ከሐይቁ ዳር የተወሰነ ሜትር ሞተርም ማረሻም አይግባበት፣ ማሳው የሚቀርበት ገበሬ ደግሞ በባዶ እጁ አይቅር፣ ከጫት ቀረጡ ይካሰው። ለዓሹራ ለጅብ ገንፎ የሚያቀርብ፣ በግንቡ ላይ ለጅብ መግቢያ ቀዳዳ የተወ ከተማ ጎረቤት ሆነን ይሄ ከበደን?

አጠገቤ የተቀመጡ ሽማግሌ ነበሩ፣ ሞተሩን አሻግረው እያዩ፣ "አባባ ሲደርቅ ያስታውሱታል?" አልኳቸው።

"ወላሂ ልጄ፣ ልጆቹ ኳስ ይጫወቱበት ነበር" አሉኝ። ቆይተው ደግሞ፣ "ያኔም ሲጀመር ሞተሩ አንድ ሁለት ነበር።"