ጀግና ካልናት በኋላ ስንት ታካሚ ሰጠናት?

እ.ኤ.አ. 2020ን የዓለም ጤና ድርጅት «የነርሶችና የአዋላጆች ዓመት» ብሎ የሰየመው ኮቪድ ከመታወቁ በፊት ነበር፤ ፍሎረንስ ናይቲንጌል የተወለደችበትን 200ኛ ዓመት ለማሰብ። ዓመቱ ገና ሦስት ወር ሳይሞላው ወረርሽኝ ታወጀ። ነርሶችም በዓላቸውን ከጭምብልና ከፕላስቲክ ካባ ሥር ሆነው አሳለፉት። በብዙ ከተሞች ሰው በረንዳው ላይ ወጥቶ አጨበጨበላቸው፣ ጀግኖች አላቸው። እኔ ቃሉን ያኔም አልወደድኩትም። ጀግና እረፍት ስጡኝ አይልም፤ ደከመኝ ካለም ያፍራል።

ድርጅቱ ከጃንዋሪ 2020 እስከ ሜይ 2021 ድረስ ብቻ ወደ 115 ሺህ የሚጠጉ የጤና ባለሙያዎች በኮቪድ ሳይሞቱ እንዳልቀሩ ገምቷል። የተረፉት ግን ተረፉ ተብለው ተረሱ። በሜይ 2023 ዓለም አቀፉ አስቸኳይ ሁኔታ አበቃ ሲባል ለብዙዎቹ ጭንቀቱ ገና መጀመሩ ነበር። እሳቱ ውስጥ ያለ ሰው የሚያስበው ስለ እሳቱ ነው፤ ቃጠሎው የሚሰማው ሲወጣ ነው። የታካሚዎቹ ሞኒተር ጩኸት ነርሷን ቤት ድረስ ይከተላታል። ሌሊት ብድግ ትልና «ያን መድኃኒት ሰጥቼው ነበር?» ትላለች። ቤተሰቡ መግባት ተከልክሎ፣ የሚሞተው ሰው ጆሮ ላይ ስልክ ይዛ የቆመች ነርስ የሰማችውን ስንብት ከየትኛው መዝገብ ላይ ትሰርዘው?

ጭንቀቱ አንድ ነገር ነው፤ ዝለቱ ሌላ። ዝለትን ይኸው ድርጅት በ2019 ሲተረጉመው በሽታ አላለውም፤ መላ ያልተበጀለት የሥራ ቦታ ውጥረት ውጤት ነው ያለው። ምልክቶቹም ሦስት ናቸው፦ አቅም መሟጠጥ፣ ሥራን በልብ መራቅ፣ የምሠራው ነገር ዋጋ የለውም ማለት። እኔን የሚያስፈራኝ መካከለኛው ነው። በርክክብ ሰዓት «አልጋ ሰባት» መባሉ የተለመደ ነው፤ የዛለችው ነርስ ግን ከአልጋው ቁጥር በስተጀርባ ሰው መኖሩን ላለማሰብ ትመርጣለች። ይህ ክፋት አይደለም። ስሙን ብታውቅ፣ ልጆቹን ብትጠይቅ፣ ሲሞት ሌላ ሐዘን ይጨመርባታል። ታካሚው የሚያየው ግን ፊቷን ነው፤ «ነርሶቹ ያመናጭቃሉ» ብሎም ይሄዳል።

ሆስፒታሎች መፍትሔ ብለው የያዙት ምንድን ነው? የጭንቀት አያያዝ ሥልጠና። በጥልቀት ተንፍሱ፣ አዎንታዊ አስቡ! ሥልጠናውን አልጠላም፤ የሥነ ልቦና ምክርም ለሚያስፈልገው ሁሉ ሊኖር ይገባል። ነገር ግን ችግሩ በአብዛኛው የቁጥር ነው። ወረርሽኙ ከመምጣቱ ብዙ ቀድሞ፣ በ2002፣ የነርስነት ተመራማሪዋ ሊንዳ አይከንና ባልደረቦቿ በአሜሪካዋ ፔንስልቬንያ ግዛት ሆስፒታሎች ያደረጉት ጥናት በአንድ ነርስ ላይ የሚጨመር እያንዳንዱ ታካሚ፣ የቀዶ ሕክምና ሕሙማን በ30 ቀን ውስጥ የመሞት ዕድል 7 በመቶ፣ የነርሷ የመዛል ዕድል ደግሞ 23 በመቶ ከፍ ከማለቱ ጋር የተያያዘ ሆኖ አግኝቶታል። ካሊፎርኒያ በ1999 ሕግ አውጥታ ከ2004 ጀምሮ የታካሚውን ቁጥር ገድባለች፤ በፅኑ ሕሙማን ክፍል አንዲት ነርስ ከ2 ሰው በላይ አትይዝም።

«ነርስ ከየት ይምጣ?» ይባላል። እውነት ነው፤ በ2023 በዓለም ላይ 5.8 ሚሊዮን ነርሶች እንደሚጎድሉ ተገምቷል። ግን ያሉት በዝለት ሥራቸውን እየለቀቁ አዲስ ማስመረቅ በቀዳዳ እንስራ ውሃ መቅዳት ነው። የወጣችው ልምዷን ይዛ ትወጣለች፤ የቀረችው የእሷንም አልጋዎች ትረከባለች፤ ቀጥሎ የምትወጣውም እሷ ናት።

ስለዚህ የሆስፒታል ኃላፊ «ለነርሶቻችን ደኅንነት እንሠራለን» ሲል የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ትናንት ሌሊት ተረኛዋ ስንት ሰው ነበራት? የጭንቀት ሥልጠናው የተሰጠውስ በሥራ ሰዓት ነው ወይስ በእረፍት ቀኗ?