እነሱ የሉም፣ አንተ ግን አለህ!

አሁን ከግብር ቢሮ መውጣቴ ነው። እጄ ገና ይንቀጠቀጣል። ከመተግበሪያ ሽያጬ ላይ የሚቆረጠው የኮሚሽን ጉዳይ ነው፣ ሦስተኛ ቀኔ።

መተግበሪያዬን የሚሸጥልኝ ፕላትፎርም ኮሚሽኑን ቆርጦ የተረፈውን ነው የሚልክልኝ። የተቆረጠው እጄ ገብቶ አያውቅም። የግብር ቢሮው ሰውዬ ግን በጠቅላላ ሽያጩ ላይ ግብር አስልቶ ጠበቀኝ።

"ኮሚሽኑ እኮ ወጪ ነው" አልኩት።

"ደረሰኝ አምጣ።"

ስልኬን አውጥቼ አሳየሁት።

"ይሄ ደረሰኝ አይደለም። የግብር ከፋይ ቁጥሩ የታል?"

"እዚህ አገር አልተመዘገቡም። ቢሮም የላቸውም።"

እስክሪብቶውን ጣል አደረገና ቀና ብሎ አየኝ። "እነሱ የሉም። አንተ ግን አለህ አይደል?"

እኔ "እርስዎ" እያልኩት፣ እሱ "አንተ" እያለኝ። ከኋላዬ የተሰለፈው ሁሉ ሳቀ።

አዎ አለሁ! ጥፋቴ መኖሬ ነው እንግዲህ። የዓለም የግብር ስምምነት እኮ መቶ ዓመት ገደማ የኖረ ነው። በአገሩ ቢሮ ወይም ፋብሪካ የሌለውን ድርጅት ትርፍ አትንኩ ይላል። ዛሬ ሚሊዮን ደንበኛ ይዞ አንድ ወንበር የሌለው ሞልቷል።

እነዚህን ድርጅቶች ግብር ለማስከፈል የሞከሩትም አልቀናቸውም። ፈረንሳይ በ2019 እ.ኤ.አ. 3 በመቶ ግብር ስትጥልባቸው አሜሪካ የቀረጥ ዛቻ አወረደችባት። ካናዳ በ2025 የመጀመሪያው ክፍያ ሊፈጸም አንድ ቀን ሲቀረው ግብሯን ተወችው። እንግሊዝ በ2020 2 በመቶ ጣለች፤ ጎግል በማስታወቂያ አስነጋሪዎች፣ አማዞን በሻጮች ላይ ያንኑ 2 በመቶ ጨመሩ። ከፋዩ ማን ሆነ? እንደኔ ያለው ነዋ! ኡጋንዳማ በ2018 ጭራሽ ተጠቃሚውን ነው የያዘችው፣ ማኅበራዊ ሚዲያ ለመክፈት በቀን 200 ሽልንግ። ድርጅቶቹን ማን ነካቸው?

ደግሞ ባለፈው ወር ፕላትፎርሙ አካውንቴን ዘጋብኝ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ከማሽን ጋር ተጻጻፍኩ። "ደንብ ጥሰዋል" ይለኛል፣ የትኛውን ደንብ እንደሆነ አይነግረኝም። የአውሮፓ ኅብረት ከ2020 ጀምሮ ሻጭን ስታግዱ ምክንያቱን በጽሑፍ ስጡ ብሎ አስገድዷቸዋል። እዚያ ሲታዘዙ ይሰጣሉ ማለት ነው። የሚያዛቸው በሌለበት ግን ማን ይጠይቅልን?

ግብር አልከፍልም አላልኩም። ያገኘሁትን ያህል ልክፈል ነው ያልኩት። እነሱ የወሰዱትንም እኔ ልክፈልላቸው? ወገቤ ደከመ እኮ።

ስወጣ ወረቀቴን መለሰልኝ። ጫፉ ላይ በቀይ "ሕጋዊ ደረሰኝ ይቅረብ" ብሎ ጽፎበታል። ሰኞ ተመለስ ብሎኛል። የእነሱን ቢሮ የሚያውቅ ካለ በናታችሁ በውስጥ ጻፉልኝ።