የደላንታን ዋሻ ዝጉ ለሚሉ

ሰሞኑን ስለ ማዕድን ዘርፍ በተደረገ አንድ ውይይት ላይ አንድ አማካሪ በደቡብ ወሎ ደላንታ ኦፓል የተባለው የከበረ ድንጋይ የሚወጣባቸው ዋሻዎች በሙሉ ተዘግተው፣ ቦታው በማሽን ለማውጣት አቅም ላለው ባለሀብት እንዲሰጥ ሐሳብ አቀረቡ። ምክንያታቸው ደግሞ ቆፋሪው ሞትን ዓይኑ እያየ ወደ ዋሻ የሚገባው በአቋራጭ ለመክበር ስለሚስገበገብ ነው የሚል ነበር። ከታዳሚው አንድም ሰው አልተቃወማቸውም። እኔ እቃወማቸዋለሁ።

ስግብግብነት የሚለው ቃል ከአፋቸው የወጣው ደላንታን ስለማያውቁት ነው። ደላንታ በልግ የሚጠብቅ ደጋ ነው፤ በልጉ በቀረ ቁጥር ጎተራው ይራቆታል። መሬት ከተደለደለ በኋላ የተወለደ ወጣት የአባቱን ቁራሽ ማሳ ከወንድሞቹ ጋር ተካፍሎ አንድ ጥማድ እንኳ አይሞላለትም። ስለዚህ እህሉ ተወቅቶ ከገባ በኋላ ዶማና መሮውን ይዞ ወደ ገደሉ ይወርዳል። ይህ ቤተሰብ ለማኖር የሚደረግ የበጋ ሥራ ነው። በ2000 ዓ.ም. ገደማ ፀሐይ መውጫ በተባለው ቦታ አካባቢ ኦፓሉ ሲገኝም ከገደሉ ላይ መጀመሪያ የፈለፈለው ይኸው ገበሬ ነው። ዛሬ ቦታውን ልቀቅ የሚባለው ሰው፣ የወሎ ኦፓል በዓለም ገበያ ስም እንዲያገኝ ያደረገው ሰው ነው።

ባለሀብቱ በማሽን ያወጣዋል የሚለው ደግሞ ከሁሉም የከፋ ነው። ኦፓሉ ያለው 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ባስቆጠረ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ መካከል፣ ውፍረቱ አንድ ሜትር እንኳ በማይሞላ ንብርብር ውስጥ ነው። ከላይ የተጫነው ተራራ ነው። ያንን ተራራ በኤክስካቫተር አንስቶ ያችን ስስ ንብርብር አገኛለሁ የሚል ኩባንያ ወይ ይከስራል፣ ወይ ድንጋዩን ያደቅቀዋል። ኦፓል በመሮና በመዶሻ፣ በትዕግሥት ነው የሚወጣው። ባለሀብት ቢመጣ የሚያደርገው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ያንኑ የደላንታ ወጣት በቀን ሠራተኛ ሒሳብ ቀጥሮ ወደዚያው ዋሻ ይመልሰዋል።

ዋሻው ገዳይ ነው። ይህን አልክድም። በ2016 ዓ.ም. ጥር ማብቂያ ላይ ደላንታ ውስጥ ዋሻ ተደርምሶ ቆፋሪዎች ሲታፈኑ አገር ሁሉ ለቀናት ዜናቸውን ሲጠባበቅ ነበር። ታዲያ የሚገድለው ምንድን ነው? የሚገባው ሰው ጎንበስ ብሎ ይጀምርና ትንሽ እንደሄደ በጉልበቱ ይድሃል። ባትሪውን ግንባሩ ላይ አስሮ ይፈለፍላል፤ ጓደኛው ፍርስራሹን በጆንያ እየጎተተ አውጥቶ ከዋሻው አፍ ወደ ገደሉ ይደፋዋል። ጎን ለጎን የተቆፈሩ ዋሻዎች ከውስጥ ሲገናኙ ጣሪያውን የያዘው ድንጋይ እየሳሳ ይሄዳል። ከሥሩ ግን የቆመ ምሰሶ የለም።

ክርክሩ ሁሉ እዚህ ምሰሶ ላይ ነው። የሚያስፈልገው ባሕር ዛፍ ነው፤ በየጓሮው የሚበቅለው፣ ቤት የሚሠራበት ባሕር ዛፍ! ቆፋሪው ለምን አያቆመውም ለሚል መልሱ ቀላል ነው። ድንጋይ እስኪያገኝ ድረስ ሳምንትም ይሁን ወር ቢቆፍር አንድ ሳንቲም የሚከፍለው የለም። ዛሬ ለግንድ የሚያወጣው ብር የልጆቹ ቀለብ ነው። ከዚያ በላይ ደግሞ ነገ ዋሻው ተነጥቆ ለሌላ እንደማይሰጥ ያላረጋገጠ ሰው፣ ለዓመታት የሚቆም ምሰሶ እንዲተክል መጠበቅ ግፍ ነው። ዋሻው ይዘጋ የሚለው ንግግር ራሱ ምሰሶውን የሚያስቀር ነው፤ በየጊዜው ትባረራለህ የሚባል ሰው ጥልቅ ብሎ ገብቶ ያገኘውን ይዞ መውጣት እንጂ ማጠናከር አይታየውም።

ምሰሶ ወደ ዋሻው ለማድረስ መንገዱ አይመችም የሚሉም አሉ። አፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. 70 ኩንታል ገደማ የሚመዝነውን ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ በዚሁ በደላንታ አሳልፈው፣ የበሽሎን ገደል አውርደውና አውጥተው መቅደላ ያደረሱት በሰው ጉልበት ነው። ያንን መድፍ ሰው ጎትቶ ባሳለፈበት አገር፣ ዛሬ የባሕር ዛፍ ግንድና የአየር ማስገቢያ ቱቦ ወደ ዋሻ ማድረስ አይቻልም የሚለኝን ሰው አላምነውም። የጠፋው መንገድ ሳይሆን የቆፋሪውን ነፍስ ከቁም ነገር የሚቆጥር ነው።

ሕገ ወጥ ናቸው የሚለውን በአጭሩ ልለፈው። የማዕድን ሥራዎች አዋጅ ቁጥር 678/2002 ለባህላዊ አምራቾች ፈቃድ የሚሰጥበትን መንገድ አስቀምጧል፤ ፈቃዱን የሚሰጠውም ክልሉ ነው። ፈቃድ ሳይኖራቸው የሚቆፍሩ አሉ። ፈቃድ መስጠት የማን ሥራ ነበር?

አማካሪው ያልነኩት ገበያውን ነው፤ ሰውን ወደ ጥልቁ የሚገፋው ግን እሱ ነው። በደላንታዋ ከተማ በወገል ጤና ደላላው ድንጋዩን ተቀብሎ ዙሪያውን በጉጠት ይከረክማል፣ ወደ ፀሐይ ያገላብጠዋል፣ ዋጋ ይጠራል። የወሎ ኦፓል ውኃ ይመጥጣል፤ ሲነከር የቀለሙ ጨዋታ ይደበዝዝና ድንጋዩ ብርሃን አስተላላፊ ይሆናል፣ ሲደርቅ ቀለሙ ይመለሳል። ገዢዎች ይህን ጠባዩን እንደ ጉድለት ቆጥረው ዋጋ ይሰብሩበታል። ድንጋዩ የከበሩ ድንጋዮች ወደሚቀረጹባት የሕንድ ከተማ ጃይፑር ደርሶ ስንት እንደሚሸጥ ለቆፋሪው የሚነግረው ማንም የለም። ከዓመታት በፊት ጥሬ ኦፓል ወደ ውጭ እንዳይላክ ሲከለከል እሴት ተጨምሮበት ሁሉም ይጠቀማል ተብሎ ነበር። እሴቱም ትርፉም አዲስ አበባ ቀረ። ደላንታ ላይ ዋጋውን የሚጠራው ዛሬም ደላላው ነው፤ ዋጋው በወረደ ቁጥር ደግሞ ቆፋሪው ኪሳራውን ለማካካስ አንድ ክንድ ወደ ውስጥ ይጨምራል።

ስለዚህ ዋሻ ከመዝጋት በፊት መልስ የምንሻበት ጉዳይ አለ። ክልሉ ከደላንታ ኦፓል በየዓመቱ የሚሰበስበው ሮያሊቲ፣ ማለትም ከማዕድኑ ለመንግሥት የሚከፈለው ድርሻ፣ ስንት ነው? ከዚያ ውስጥስ ለዋሻ ድጋፍ፣ ለአየር ማስገቢያና ለነፍስ አድን ሥልጠና የዋለው ስንት ነው? ይህ በወገል ጤና አደባባይ፣ ቆፋሪዎቹ በተሰበሰቡበት ይነገር። የቆፋሪዎቹ ማኅበራትም ለቆፈሩት ዋሻ ባለሀብት የማይነጥቃቸው ፈቃድ ይሰጣቸው፤ ምሰሶውን ራሳቸው ያቆሙታል።